ቂም ይዞ ጸሎት

ስለ ጸሎትና ስለ ይቅርታ ለሚያጠኑ ሁሉ የተጻፈ ትምህርት



አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው የተናገሩትን ምሳሌ በአገራችን የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ግን ሌላውን ለመንቀፍ ነው እንጂ ራሳችንን ለመመርመር አይደለም። እስኪ ምሳሌው የሚለውን በቀስታ እንመልከት። ሌባ በሌሊት ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፥ ትንፋሹን ይሰበስባል፥ ውሻው እንዳይጮኽበት ይጠነቀቃል። ነገር ግን ሳል የያዘው እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይጠቅመውም። የሚያጋልጠው ውሻው ወይም ዘበኛው አይደለም፤ የገዛ ደረቱ ነው እንጂ። እንዲሁም በልቡ ቂም ቋጥሮ የሚጸልይ ሰው ቃሉን ቢያሳምር፥ ድምፁን ቢያለዝብ፥ ጕልበቱም እስኪደክም ድረስ ቢሰግድ፥ በእግዚአብሔር ፊት የሚያጋልጠው ነገር ከራሱ ውስጥ ይወጣል።

ይህ ትምህርት የተጻፈው ስለዚህ ነገር ነው። ስለ ጸሎት የሚያስተምሩ ጽሑፎች ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው፥ ስለ መቆምና ስለ መስገድ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታችን በተራራው ላይ ጸሎትን ባስተማረ ጊዜ፥ ጸሎቱን ከፈጸመ በኋላ ተመልሶ የተረጐመው አንድ ልመና ብቻ ነው፤ እርሱም የይቅርታ ልመና ነው። መምህሩ ሁለት ጊዜ የተናገረውን ነገር ተማሪው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስተውለው ቢያልፍ ትምህርቱን ተምሬአለሁ ሊል ይችላልን?

1. ጸሎት ምንድር ነው?

ጸሎት የቃል ብዛት አይደለም፤ የቃል ማነስም አይደለም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው፥ ልጅ ያልነበራት ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈርዋ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊም የሰከረች መሰለው። እግዚአብሔር ግን ሰማት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የምናገኘው ቀራጭ ጸሎቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረ፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እርሱ ነው። ዳንኤል ደግሞ በስደት አገር፥ በሚጸልይ ሰው ላይ ሞት ታውጆ ሳለ፥ መስኮቱን ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር። ጴጥሮስና ዮሐንስም በጸሎት ጊዜ በ9 ሰዓት ወደ ቤተ መቅደስ እንደ ወጡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ተጽፎአል።

እንግዲህ አንዷ በዝምታ፥ አንዱ በአጭር ቃል፥ ሌሎቹም በተወሰነ ሰዓት ጸለዩ። የጸሎታቸው መልክ ልዩ ልዩ ነው። በሁሉም ዘንድ የሚገኘው አንድ ነገር ግን ልባቸውን ሳይሸሽጉ በእግዚአብሔር ፊት መቆማቸው ነው። ጸሎት ማለት ልጅ በአባቱ ፊት እንደሚቆም በእግዚአብሔር ፊት መቆም ነው። ልጅ አባቱን የሚለምነው አባቱ የማያውቀውን ለማስታወቅ አይደለም፤ አባቱ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ጌታችን ያስተማረውን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብትመረምሩት «እኔ» ወይም «የእኔ» የሚል ቃል አታገኙበትም። አባቱም የሁላችን አባት፥ እንጀራውም የሁላችን እንጀራ፥ በደሉም የሁላችን በደል ነው። ጌታ በዚያው ምዕራፍ «ወደ እልፍኝህ ግባ፥ ደጅህንም ዝጋ» የሚል ትርጕም ያለው ምክር ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ሰው ብቻውን ሆኖ በተዘጋ ቤት ሲጸልይ እንኳ «አባታችን» ባለ ጊዜ ወንድሞቹን ሁሉ ይዞ ይገባል። የሚወደው ወንድሙ ብቻ አይደለም፤ የተጣላውም ከዚያ ቃል ውስጥ ነው። ደጁን ዘግተህ ጠላትህን በውጭ ልታስቀረው ብትወድድ፥ የመጀመሪያው ቃል ራሱ ደጁን ይከፍትለታል።

2. ጌታችን ተመልሶ የተረጐመው ልመና

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈው ጸሎት ስለ እግዚአብሔር ስም፥ ስለ መንግሥቱና ስለ ፈቃዱ፥ ከዚያም ስለ እኛ ኑሮ የሚለምን ነው። ጌታ እንጀራን ስለ መለመን በዚያ ስፍራ ትርጓሜ አልጨመረም፤ ስለ ፈተናም አልጨመረም። ስለ ይቅርታ ግን በቍጥር 14 እና 15 ተመልሶ ተናገረ። አንድ ጊዜ «ብታደርጉ»፥ ሁለተኛም «ባታደርጉ» ብሎ ነገሩን በሁለት ወገን ዘጋው። ለሰው ይቅር የሚል ይቅርታን ያገኛል፤ ይቅር የማይል አያገኝም። ከዚህ የሚያመልጥ ሦስተኛ መንገድ አልተወልንም።

ይህም ትምህርት በአንድ ስፍራ ብቻ የተነገረ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ለጸሎት የሚቆም ሰው በሌላው ላይ ያለውን ነገር እንዲተው ታዝዞአል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው፥ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው በዚያ ቢያስታውስ፥ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዞአል። ይህን ከሰሙት ሰዎች ብዙዎቹ የገሊላ ሰዎች ነበሩ፤ መሠዊያው ግን በኢየሩሳሌም ነበረ። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእግርም የብዙ ቀን ጕዞ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ ደክሞ የመጣ ሰው መባውን ሳያቀርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ዘንድ ጌታ መናገሩ ነው! በማርቆስ ወንጌል የተበደለው ታዘዘ፤ በማቴዎስ ወንጌል የበደለው ታዘዘ። ስለዚህ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሁለቱም የሚጸልዩ ከሆኑ በመንገድ ላይ ሊገናኙ ይገባል።

ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚሰናከል ያስጠነቅቃል። ይህን የሚያነብ ባለ ትዳር ሁሉ ቆም ይበል። በአደባባይ የተመሰገነ፥ በጸሎት ቤት የታወቀ ሰው በቤቱ ውስጥ በሚናገረው ክፉ ቃል ጸሎቱን ራሱ ሊያስር ይችላልና።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ከተማ የሚኖር ነጋዴ አለ እንበል። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ስለ አባታቸው ቤት ተካሰው አራት ዓመት በዳኛ ፊት ተመላለሱ። አንዱ ሲረታ ሌላው ይግባኝ ይላል። ሰላምታ የላቸውም፤ በለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ባለበት ድንኳን ሌላው አይቀመጥም። ይህ ነጋዴ ልጁ ታመመበትና ማታ ማታ ተንበርክኮ ይለምናል። ልመናው እውነተኛ ነው፤ እንባውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጌታ ያስተማረውን ጸሎት ሲደግም ከይቅርታው ልመና ይደርሳል። በዚያ ስፍራ ምን እየለመነ ነው? «አምላኬ ሆይ፥ እኔ ለወንድሜ እንዳደረግሁት እንዲሁ ለእኔ አድርግልኝ» ማለቱ አይደለምን? እርሱ ለወንድሙ ፊቱን አዙሮአል፤ እንግዲህ እግዚአብሔር ፊቱን እንዲያዞርበት በገዛ አፉ ይለምናልን?

የልጁ ሕመም ስለ ቂሙ የመጣ ቅጣት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብሎ በሰው ላይ መፍረድ የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት መድገም ነው። የምለው ይህ ነው፤ ይህ አባት በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ ጸሎት በሚያስፈልገው ሰዓት፥ ከጸሎቱ መካከል በሙሉ ልቡ ሊናገረው የማይችል ቃል አለ። በአባቱ ፊት ቆሞአል፥ ነገር ግን እጁን ወደ ኋላው ሸሽጎ ነው።

3. የሁለቱ ዕዳዎች ሒሳብ

«እኔ የተበደልሁት በደል ትልቅ ነው» የሚል ሰው አለ። ጌታም ይህን እንደምንል ስላወቀ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ ሁለት ዕዳዎች ነገረን። አንድ አገልጋይ ለንጉሡ እልፍ መክሊት፥ ማለት 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። ንጉሡ ራርቶ ማረው። እርሱ ግን ወጥቶ 100 ዲናር የነበረበትን ባልንጀራውን አነቀው፥ ወደ ወኅኒም አስገባው።

ተማሪዎች ሆይ፥ ሒሳቡን እናስላ። ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ እንደ ነበረ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 ይታያል። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ያህል ነበረ። እንግዲህ የባልንጀራው ዕዳ የ100 ቀን ደመወዝ ነው። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ የደከሙበት ነው። የአገልጋዩ ዕዳ ግን 10,000 በ6,000 ሲባዛ 60,000,000 ዲናር ይሆናል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራና አንድ ዲናር እንኳ ሳይበላ ቢከፍል ዕዳውን ለመጨረስ 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። የፊተኛው ዕዳ የኋለኛውን 600,000 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ጌታ የባልንጀራውን ዕዳ ምንም አይደለም አላለም፤ 100 ዲናር ብሎ ቈጠረው። የተበደልኸውን በደል እግዚአብሔር አይንቀውም፤ ያውቀዋል፥ ይቈጥረዋልም። ሁለተኛ፥ ምሕረት አስቀድሞ የወጣው ከንጉሡ ነው። አገልጋዩ ባልንጀራውን በመማር የራሱን ምሕረት ይገዛ ዘንድ አልተጠየቀም፤ እርሱ አስቀድሞ በነጻ ተምሮ ነበርና። እንግዲህ ይቅር ማለታችን የእግዚአብሔር ይቅርታ ዋጋ አይደለም። ነገር ግን ባልንጀራውን ለማነቅ የተጨበጠ እጅ፥ ሳይዘረጋ፥ የሚሰጠውን ስጦታ መቀበል አይችልም።

4. ይቅርታ ያልሆነው ነገር

ብዙ ሰዎች ይቅር ለማለት እንቢ የሚሉት ይቅርታ ያልሆነውን ነገር ይቅርታ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን እንግለጥ።

ይቅርታ ክፉውን መልካም ነው ማለት አይደለም። በደል ባይኖር ይቅርታ ባላስፈለገም። «ምንም አልሆነም» ማለት ውሸት ነው፤ «ተበድያለሁ፥ ነገር ግን በቀሉን ትቼዋለሁ» ማለት ይቅርታ ነው።

ይቅርታ ፍርድን ማጥፋት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ጠላቶቹ ያለ ፍርድ ሊገድሉት ሲያደቡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ነፍሰ ገዳይ በዳኛ ፊት ይቆም ዘንድ፥ የሰረቀም ይመልስ ዘንድ መሻት ኀጢአት አይደለም። ኀጢአቱ ዳኛውን ትቶ በልብ ውስጥ ሌላ ችሎት አቁሞ ማታ ማታ መፍረድ ነው።

ይቅርታ ወዲያው ማመንም አይደለም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይወድድ ነበር፥ ስለ እነርሱም ያለቅስ ነበር፤ ነገር ግን ልባቸው እንደ ተለወጠ እስኪያይ ድረስ ራሱን አልገለጠላቸውም። ባልዋ የሚደበድባት ሴት ቂሙን ከልብዋ ብታወጣ፥ እንድትደበደብ ወደዚያው ቤት መመለስ አለባት ማለት አይደለም። እንዲህ ብለው የሚያስገድዱ መካሪዎች ይቅርታን ለክፉ ሰው መሣሪያ ያደርጉታል። ይቅርታ የአንዱ ሰው ሥራ ነው፤ ዕርቅ ግን የሁለት ሰዎች ሥራ ነው። በዳዩ ባይመለስ ዕርቁ ሊዘገይ ይችላል፤ ይቅርታው ግን እርሱን ሳይጠብቅ ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት ሊፈጸም ይችላል።

እንግዲህ ይቅርታ ምንድር ነው? ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። «ይቅር» የሚለው ቃል «ቀረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ በኋላ ይቅር፥ ከእኔ ጋር አይሂድ ማለት ነው። ወንጌል በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋም ይቅር ማለትን የሚያስረዳው ቃል መተውና መልቀቅ ማለት ነው። ስለ ቂም ስንናገር ግን «ቋጠረ» እንላለን፤ ስንቅ እንደሚቋጠር ማለት ነው። ቂመኛ በደሉን ስንቅ አድርጎ ይዞት ይዞራል፤ በየመንገዱም እየፈታ ይበላዋል። ይቅር የሚል ግን ቋጠሮውን ከመንገድ ላይ ትቶት ይሄዳል።

በአገራችንም በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ሲወድቅ፥ ሽማግሌዎችም ሲለምኑ፥ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ይህ እጅግ ታላቅ ቃል ነው። «ስለ አንተ መልካምነት» አይልም፤ በዳዩ ያ መልካምነት የለውምና። «ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ዕዳው በእግዚአብሔር ስም ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በሽማግሌ ፊት በአፉ ተናግሮ፥ ወደ ቤቱ ገብቶ ቂሙን የሚቈጥር ሰው የእግዚአብሔርን ስም በሐሰት እንደ ጠራ ይወቅ።

5. «አልችልም» ለሚል ሰው

«ይህን ሁሉ ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን አልችልም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ ቃል ተስፋ የሌለው ቃል አይደለም፤ እውነተኛ ጸሎት ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ሰው ይቅር ማለትን በራሱ ኀይል ካገኘ በኋላ እንዲጸልይ አልታዘዘም፤ ያጣውን ኀይል እንዲለምን ነው እንጂ።

ቀጥሎ የምናገረው በሆላንድ አገር ስለ ኖረች ኮሪ ቴን ቦም ስለምትባል ሴት ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እርስዋና ቤተ ሰብዋ በሃርለም ከተማ በቤታቸው አይሁድን ከናዚዎች ይሸሽጉ ነበር። በ1944 ተያዙ። ሽማግሌ አባትዋ ታስረው ሳሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ፤ እኅትዋ ቤትሲ በራቨንስብሩክ የእስረኞች ሰፈር በዚያው ዓመት ሞተች። ኮሪ ግን ተፈታች። በ1947 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ስለ እግዚአብሔር ይቅርታ አስተምራ ስትጨርስ፥ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ወደ እርስዋ መጣ። በራቨንስብሩክ ከጠበቁአቸው ወታደሮች አንዱ እንደ ነበረ ባየችው ጊዜ ዐወቀችው።

እርስዋ ራስዋ በኋላ እንደ ጻፈችው፥ ስለ ይቅርታ ያስተማረችው ያች ሴት እጅዋን ማንሣት አልቻለችም። በልብዋ ውስጥ ምንም ፍቅር አላገኘችም። ያን ጊዜ ይቅርታን ስጠኝ ብላ በልብዋ ወደ ጌታ ጸለየች። እጅዋንም ዘረጋች፤ እጃቸው በተገናኘ ጊዜ ከእርስዋ ያልሆነ ፍቅር ተሰጣት።

የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውሉ። አስቀድሞ ስሜት፥ ቀጥሎ እጅ አልሆነም። አስቀድሞ ጸሎት፥ ቀጥሎ የታዘዘ እጅ፥ በመጨረሻም ስሜት ሆነ። እኛ ብዙ ጊዜ ልባችን እስኪለዝብ እንጠብቃለን፤ ልብ ግን በመጠበቅ አይለዝብም። ስሜቱም የዚያኑ ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ቢዘገይም ጸሎቱና የታዘዘው እጅ ከንቱ አይሆኑም።

በመጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ ነው። ኢዮብን ወዳጆቹ በመከራው ላይ ቃላቸውን ጨምረው አቈሰሉት። በመጽሐፉ በምዕራፍ 42 ግን የኢዮብ ምርኮ የተመለሰው ስለ እነዚያ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ እንደ ሆነ ተጽፎአል። እስጢፋኖስም በድንጋይ ሲወገር ስለ ገዳዮቹ ጸለየ። በዚያ ስፍራ የገዳዮቹን ልብስ የሚጠብቅ ሳውል የሚባል ጐበዝ ቆሞ ነበር። ይህ ሳውል በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ ሆነ። እስጢፋኖስ የጸሎቱን ፍሬ በዐይኑ ሳያይ ሞተ፤ ፍሬው ግን አልቀረም።

6. የአንድ ሕዝብ ቂም

ይህ ትምህርት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሕዝብም ቂም ይቋጥራል፥ ሕዝብም ይጸልያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰዎች በፋሺስት ኢጣልያ እጅ እጅግ ብዙ ሆነው ተገደሉ፥ ቤቶችም ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማው ሲመለሱ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት ያደረገውንም ጭካኔ እንዳያደርግ ተናገሩ። የሙታኑ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር፤ ብዙ ኢጣልያውያንም በከተማው ነበሩ። ይህን ቃል መስማት ለልጅ አልባው አባትና ለመበለቲቱ ቀላል አልነበረም። የካቲት 12 እስከ ዛሬ ይታሰባል፤ ማሰብና መበቀል ግን አንድ አይደሉም።

ከዚያም ወዲህ በአገራችን ብዙ ደም ፈስሶአል፤ ይልቁንም በወንድማማች መካከል። በአንድ ቀን፥ በአንድ ቃል፥ ወደ አንድ አምላክ የሚጸልዩ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠፋፉበትን ልመና ይለምናሉ። አባት ከሁለት ልጆቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚያቀርበውን እርግማን ጸሎት ብሎ ይቀበለዋልን? ስለ አገር ሰላም የሚጸልይ ሁሉ አስቀድሞ በገዛ ልቡ ውስጥ ያለውን ጦር ያስቀምጥ።

7. እንዴት እንጀምር?

ትምህርት በሥራ ካልተፈጸመ ከንቱ ነው። ስለዚህ ይህን ሥርዐት ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ሞክሩ።

መጀመሪያ፥ ከመኝታ በፊት ጥቂት ጸጥ ያለ ጊዜ ለዩ፤ ጌታ ያስተማረውንም ጸሎት በቀስታ ጸልዩ። ከይቅርታው ልመና ስትደርሱ ቁሙ፤ አትለፉት።

ሁለተኛ፥ በዚያ ስፍራ ወደ ልባችሁ የሚመጣውን ሰው በስሙ ጥሩት። «ጠላቶቼን ሁሉ ይቅር ብያለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ አንዱን በስሙ ይቅር ማለት ግን ከባድ ነው። እግዚአብሔር የሚፈልገው ከባዱን ነው።

ሦስተኛ፥ የበደላችሁን ነገር ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ቂም ሲቀመጥ ይወልዳልና፥ 100 የነበረው ዲናር በልባችን ውስጥ 1,000 ሆኖ ይገኛል።

አራተኛ፥ ስለዚያ ሰው አንድ በጎ ነገር ለምኑለት፤ ስለ ጤናው፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ሥራው። «ልቡን ስበርልኝ» የሚለው ልመና ብዙ ጊዜ በጸሎት የተሸፈነ በቀል ነው።

አምስተኛ፥ የምትችሉትን አንድ ትንሽ ሥራ በነጋታው አድርጉ። ሰላምታ ስጡ፤ ወይም ሽማግሌ ላኩ፤ ወይም ስሙን በክፉ ማንሣትን ተዉ። ያ ነጋዴ ክሱን በአንድ ቀን መተው ባይሆንለት፥ በለቅሶ ቤት ወንድሙ ባለበት ድንኳን ገብቶ መቀመጥ ግን ይችላል። የበደላችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ሰበብ ሳትጨምሩ ሄዳችሁ ይቅርታ ለምኑ።

ስድስተኛ፥ ቂሙ በማግሥቱ ቢመለስ ተስፋ አትቍረጡ። ጴጥሮስ 7 ጊዜ ይበቃልን ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታ የሰጠው ቍጥር ለመቍጠር እስኪያስቸግር ድረስ የበዛ ነው። አንዳንድ ጊዜ 7 በደል ሳይሆን አንዱን በደል ብዙ ጊዜ ይቅር ማለት ያስፈልጋል።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ ሳል የያዘው ሰው ሳሉን ለመሸሸግ ከመድከም መድኀኒት መፈለግ ይሻለዋል። ወደ እግዚአብሔር የምንቀርበው እንደ ሌባ በሌሊት ለመስረቅ አይደለም፤ እንደ ልጆች በግልጥ ለመቀበል ነው። ስለዚህ ሳላችንን ይዘን፥ ሳንሸሽገው፥ ወደ ሐኪሙ እንቅረብ።

ጸሎት

አባት ሆይ፥ ልባችንን ሳንነግርህ ታውቀዋለህ። በውስጣችን የቋጠርነውን ፍታልን። የበደሉንን ሰዎች በስማቸው እየጠራን በፊትህ እናስቀምጣቸዋለን፤ ባርካቸው። ልናደርገው ያልቻልነውን አንተ በእኛ አድርገው። የበደልናቸውንም ሄደን እንድንለምን ትሕትናን ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. ጌታ ያስተማረው ጸሎት በብዙዎች ስም የሚጸለየው ስለ ምን ይመስላችኋል?

2ኛ. በማቴዎስ ምዕራፍ 5 እና በማርቆስ ምዕራፍ 11 ካሉት ትእዛዛት የትኛው የበዳዩ፥ የትኛውስ የተበዳዩ ነው?

3ኛ. በይቅርታና በዕርቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ስለ ፍርድስ ምን ተማራችሁ?

4ኛ. ዛሬ ማታ ከይቅርታው ልመና ስትደርሱ በስሙ የምትጠሩት ሰው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ለእግዚአብሔር ብቻ ስጡ።